ውሻው ከመንከሱ በፊት የሚለው

ሾላ ገበያ አካባቢ ጠዋት ሥጋ ቤቶች ሲከፈቱ ከሰው ቀድመው የሚደርሱት ውሾች ናቸው። ሥጋ ቆራጩ ጭኑን ገፎ አጥንቱን ወደ መንገዱ ዳር ሲወረውረው ሦስት ውሾች አብረው ይነሳሉ፤ ቡላው ይቀድማል። ወዲያው መብላት አይጀምርም። ሁለት የፊት እግሮቹን አጥንቱ ላይ ይጭናል፤ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ሁለመናው ቀጥ ይላል። ጥቁሯ ውሻ አንድ እርምጃ ስትጠጋ ከጉሮሮው ወፍራም ማጉረምረም ይወጣል። እሷም ፊቷን ወደ ጎን ትመልሳለች፤ አፍንጫዋን በምላሷ ትልሳለች፤ ከዚያ መሬቱን እያሸተተች፣ አጥንት የሚባል ነገር እንዳላየች ሆና ትርቃለች። ሦስተኛው ገና ወጣት ነው። ከሩቅ ቁጭ ብሎ ያዛጋል።

በዚያ የሚያልፍ ሰው ካስተዋላቸው «ውሾች ሊባሉ ነው» ብሎ እርምጃውን ያፈጥናል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሦስቱ እንስሳት ላለመባላት ተነጋግረው ተስማምተዋል። አንዱ የእኔ ነው አለ፤ ሁለተኛዋ ጠብ አልፈልግም አለች፤ ሦስተኛው የውስጡን ጭንቀት በማዛጋት ተነፈሰ። ደም አልፈሰሰም።

በአገራችን ውሻ የሌለበት ሰፈር የለም። ሆኖም በአብዛኞቻችን ዘንድ ውሻ የደጅ እንስሳ ነው። ግቢ ይጠብቃል፤ የተረፈ ይበላል፤ ቤት ግን አይገባም። ከርቀት ስለምንኖር ከንግግሩ የምናውቀው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ለጩኸቱ የምንሰጠው መልስም ብዙውን ጊዜ «ዝም በል!» ነው። ከጩኸቱ በፊትና ከጩኸቱ ጋር አብሮ የሚናገረው ፊቱ፣ ጆሮው፣ የጀርባው ፀጉር፣ ጭራው፣ አቋቋሙ ያመልጠናል። የተነከሰ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚለው «ሳላስበው ድንገት ዘሎ ያዘኝ» ነው። ጤነኛ ውሻ ድንገት የሚነክሰው ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አስቀድሞ ደጋግሞ ተናግሯል፤ የሰማው አላገኘም።

ድምፁ

የሥጋ ቤቱን ደጃፍ ትዕይንት ወደ ቤተ ሙከራ ያስገቡ ሰዎች አሉ። በሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት በሚገኘው የኦትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ የውሾችን ባሕርይ የሚያጠና ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይሠራል። ከቡድኑ ተመራማሪዎች መካከል ታማሽ ፋራጎ፣ ፔተር ፖንግራትስና ባልደረቦቻቸው ሦስት ዓይነት ማጉረምረም ቀረጹ። የመጀመሪያው ውሻ አጥንቱን ከሌላ ውሻ ሲከላከል የተሰማ ነው፤ ሁለተኛው እንግዳ ሰው እያፈጠጠ ሲጠጋው፤ ሦስተኛው ከባለቤቱ ጋር ጨርቅ እየተጓተተ ሲጫወት። ቀጥሎ ሌላ ውሻ ወደ አንድ ክፍል አስገብተው ትልቅ አጥንት አስቀመጡለት። ከአጥንቱ ኋላ የተሸፈነ የውሻ ቤት አለ፤ ውስጡ ድምፅ ማጉያ ተደብቋል። ውሻው አጥንቱን ሊያነሳ ሲጠጋ ከሦስቱ ድምፆች አንዱ ይለቀቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት ውጤት ያስደንቃል። የጨዋታውን ማጉረምረም የሰሙት ውሾች አጥንቱን ከማንሳት አልተመለሱም። እንግዳ ሰው ላይ የተሰማው ማጉረምረምም ያን ያህል አላስፈራቸውም። ስለ አጥንት የተሰማውን ሲሰሙ ግን አብዛኞቹ አፈገፈጉ። ሁለቱ የቁጣ ድምፆች ለሰው ጆሮ እጅግ ተቀራራቢ ናቸው። ውሾቹ ግን የሰሙት «ተቆጥቻለሁ» የሚል ደረቅ ስሜት ብቻ አልነበረም፤ በምን ምክንያት እንደተቆጣም ለይተዋል። ውሻ ስሜቱን ከማውጣት በቀር የሚናገረው የለም ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ጥናት ከባድ ጥያቄ ነው።

ማጉረምረም ለምን ወፍራም ሆነ? ማለቃቀስስ ለምን ቀጭን? አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዩጂን ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚህ መልስ አቅርቧል። ትልቅ አካል ወፍራም ድምፅ ያወጣል፤ ትንሽ አካል ቀጭን። ስለዚህ ሊያስፈራራ የሚፈልግ እንስሳ ድምፁን አወፍሮና አሻክሮ ራሱን ትልቅ ያስመስላል፤ ምሕረት የሚለምን ወይም የፈራ ደግሞ ድምፁን አቅጥኖ እንደ ቡችላ ይሆናል። ሕጉ ለብዙ ወፎችና አጥቢ እንስሳት ይሠራል። እኛም ሕፃን ስናባብል ድምፃችንን እናቀጥናለን፤ ሌባ ስናስፈራራ እናወፍራለን። ውሻ ድምፃችንን የሚረዳበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። «ና» የሚለውን ቃል በወፍራም ቁጣ ከጮኽንበት ቃሉን ትቶ ድምፁን ያምናል።

ጩኸት ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የውሻ የሥጋ ዘመድ የሆነው ተኩላ ካደገ በኋላ እምብዛም አይጮኽም፤ ያላዝናል፣ ያጉረመርማል፣ ያለቃቅሳል። ውሻ ግን ዕድሜ ልኩን ይጮኻል። ተኩላና ውሻ ቢያንስ ከ15,000 ዓመት በፊት ተለያይተዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር መኖር ድምፁን እንደቀየረው ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቤልያየቭ እ.ኤ.አ. በ1959 ኖቮሲቢርስክ አቅራቢያ የጀመረው ሙከራ ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ይሰጣል። ከእርባታ ቀበሮዎች ለሰው ገር የሆኑትን ብቻ እየመረጠ አራባ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ቀበሮዎቹ ሰው ሲያዩ ጭራ መቁላትና ትኩረት ለማግኘት ማለቃቀስ ጀመሩ። ጭራ መቁላትን ማንም አላስተማራቸውም፤ የተመረጡበት ነገር ገርነት ብቻ ነበር።

የውሻ ጩኸት በእርግጥ ለእኛም ትርጉም ይሰጠናል? ፖንግራትስና ባልደረቦቹ ሙዲ የተባለውን የሃንጋሪ የከብት እረኛ ውሻ ጩኸት በተለያየ ሁኔታ ቀርጸው ለሰዎች አሰሙ። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ፣ ውሻው ዛፍ ላይ ታስሮ ብቻውን ሲቀር፣ ኳስ ሲለምን፣ ሊሸራሸር ሲዘጋጅ፣ ሲጫወት፣ ሲያጠቃ የተሰሙ ነበሩ። አድማጮቹ በግምት ከሚገኘው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ለዩ። ይበልጥ የሚገርመው ውሻ ኖሯቸው የማያውቁት ሰዎች ውሻ ካላቸው አለማነሳቸው ነው። በኋላም ከተወለዱ ጀምሮ ማየት የማይችሉ፣ ውሻ ሲጮኽ አይተው የማያውቁ ሰዎች በተመሳሳይ ደረጃ ለይተዋል። ጩኸቱ ወፍራም፣ ሻካራና የተከታተለ ከሆነ አድማጩ ቁጣ ይሰማዋል፤ ቀጭን፣ የጠራና በመካከሉ ክፍተት ያለው ከሆነ ፍርሃትና ብቸኝነት ይሰማዋል።

ይህን በአዲስ አበባ ሌሊት የሚጠብቁ ዘበኞች ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁታል። ከእንጦጦ ሥር ባሉት የሽሮ ሜዳ ሰፈሮች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጅብ ከጫካው ሲወርድ የመጀመሪያው ውሻ ይጀምርና ጩኸቱ ከግቢ ግቢ እየተቀባበለ ይወርዳል። ለጅብ የሚጮኸው ጩኸት ሰካራም ሲያልፍ ከሚጮኸው ይለያል፤ ውሻው ወደ አጥሩ ከመሮጥ ይልቅ ወደ በረንዳው እያፈገፈገ ይጮኻል፤ በመካከሉም ድምፁ ይሰበራል። ልምድ ያለው ዘበኛ ከተኛበት ሳይነሳ «ሰው አይደለም» ይላል።

ማላዘንን በተመለከተ ብዙዎቻችን ያደግንበት እምነት አለ። ውሻ ካላዘነ ሰው ይሞታል፤ ስለዚህ ሟርተኛው ውሻ በድንጋይ ይባረራል። ማላዘን ግን ርቀት እንዲያቋርጥ የተሠራ ድምፅ ነው። ተኩላ ተበታትኖ የሚያድነውን ቡድኑን በዚህ ይጠራል፤ ውሻም ብቻውን ሲታሰር፣ ወይም የአምቡላንስ ሳይረን ሲሰማ፣ ወይም ከሌላ ሰፈር ሲመለስለት ያላዝናል። የሚያላዝን ውሻ በአብዛኛው ብቻውን የቀረ ውሻ ነው። ድንጋይ አያስፈልገውም።

ጭራ የሚቆላ ሁሉ ወዳጅ አይደለም

«ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀለም የተጻፈበት የብረት በር ይከፈታል። እንግዳ ቆሟል፤ የቤቱ ልጅ ውሻውን በሰንሰለት ይዟል። የውሻው ጭራ ወደ ላይ ቆሞ ጫፉ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ አፉ ተዘግቷል፤ ክብደቱን ወደ ፊት እግሮቹ አምጥቷል። ልጁ «ጭራውን እየቆላ ነው፣ አይነካህም» ይላል። እንግዳው እጁን ይዘረጋል።

በየሰፈሩ ብዙ ንክሻ የሚጀምረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ጭራ መቁላት ደስታ ማለት አይደለም፤ ውሻው ውስጡ ተነቃቅቷል፣ ነገሩ ይመለከተዋል ማለት ነው። ወዳጅነቱን የሚያሳየው የቀረው አካል ነው። ከጀርባ ከፍታ ብዙም ያልወጣ ጭራ በሰፊው ሲወዛወዝ፣ ዳሌው አብሮ ሲሽከረከር፣ አፉ ላላ ብሎ ሲከፈት፣ ዓይኑ ጠበብ ሲል ውሻው ደስ ብሎታል። ቀጥ ብሎ የቆመና በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጭራ በግትር አካል ላይ ከታየ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በእግሮቹ መካከል ተወሽቆ ጫፉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ፈርቷል፤ የፈራ ውሻ መውጫ ካጣ ይነክሳል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት መግለጫዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን በሥዕል አሳይቷል። ለጠብ የተዘጋጀ ውሻ ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ ጭራውን ያቆማል፣ የአንገትና የጀርባ ፀጉሩ ይቆማል፣ ጆሮው ወደ ፊት ያተኩራል። እየመጣ ያለው ሰው ጌታው መሆኑን ሲያውቅ ሁሉም በቅጽበት ይገለበጣል፤ አካሉ ዝቅ ብሎ ይጠማዘዛል፣ ጭራው ወርዶ ይወዛወዛል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል። ዳርዊን ያስተዋለው ነገር እስከ ዛሬ ጸንቷል። ተቃራኒ ስሜት በተቃራኒ አቋም ይገለጻል፤ ስለዚህም መልእክቱ ከሩቅ ይለያል።

ጭራ ከዚህም በላይ ረቂቅ ነገር እንደሚናገር ጣሊያኖቹ ጆርጆ ቫሎርቲጋራ፣ አንጀሎ ኳራንታና ማርቼሎ ሲኒስካልኪ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይተዋል። 30 ውሾችን በየተራ በመስኮት በኩል ባለቤታቸውን፣ የማያውቁትን ሰው፣ ድመትና እንግዳ ኃይለኛ ውሻ እንዲያዩ አደረጉ፤ ከላይ በካሜራ የጭራቸውን አቅጣጫ ለኩ። ባለቤታቸውን ሲያዩ ጭራው ወደ ራሳቸው ቀኝ በርትቶ ተወዛወዘ፤ ኃይለኛውን ውሻ ሲያዩ ወደ ግራ አደላ። የግራው የአንጎል ክፍል መቅረብን ከሚያነሳሱ ስሜቶች፣ የቀኙ መሸሽን ከሚያነሳሱ ጋር ስለሚያያዝ፣ እያንዳንዱም የተቃራኒውን የአካል ጎን ስለሚያዝ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ይህንን ሌሎች ውሾች ያዩታል ወይ ብለው ጠየቁ። 43 ውሾች በቪዲዮ ጭራውን ወደ ግራ የሚቆላ ውሻ ሲያዩ የልብ ምታቸው ጨመረ፣ የጭንቀት ምልክትም አሳዩ፤ ወደ ቀኝ የሚቆላውን ሲያዩ ግን ረጋ አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ቡችላ ሲያድግ ኃይለኛ እንዲሆን በሚል ጆሮውን ወይም ጭራውን የሚቆርጡ ሰዎች በየቦታው አሉ። በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የውሻ ቅርጽ ያለው ሮቦት ሠርተው አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር ጭራ ገጠሙለት። ጭራው ረጅም ሲሆን ትልልቅ ውሾች የሚወዛወዘውን ከማይንቀሳቀሰው ለይተው ወደሚወዛወዘው ይበልጥ ቀረቡ። ጭራው አጭር ሲሆን ልዩነቱ ጠፋባቸው። ጭራውን የቆረጡበት ውሻ ወዳጅነቱንም ቁጣውንም የሚያሳይበት አካል አጥቷል፤ ጠቡም የሚበዛበት ለዚህ ይመስለኛል። ቁረጡት የሚል ምክር ሲመጣ እምቢ ማለት ይገባል።

ከማዛጋት እስከ መንከስ

ብሪታንያዊቷ የእንስሳት ሐኪም ኬንዳል ሼፐርድ የውሻን ማስጠንቀቂያዎች በመሰላል መልክ ደርድራለች። የመሰላሉ ታችኛው ደረጃ ላይ ማዛጋት፣ ዓይን ማርገብገብና አፍንጫ መላስ አሉ። ቀጥሎ ውሻው ፊቱን ይመልሳል፤ ከዚያ መላ አካሉን ያዞራል፤ ከዚያ ሊሄድ ይሞክራል። ይህ ካልተሳካ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ይጎነበሳል፤ ጭራውን ይወሽቃል፤ አንዳንዴም በጀርባው ተኝቶ እግሩን ያነሳል። ከዚያ በላይ ነገሩ ይለወጣል። ይገተራል፣ ያፈጣል፣ ያጉረመርማል፣ አየር ላይ ይነጥቃል፣ በመጨረሻ ይነክሳል። ኖርዌያዊቷ አሰልጣኝ ቱሪድ ሩጋስ ከታችኞቹ ደረጃዎች ብዙዎቹን ማረጋጊያ ምልክቶች ብላ ጠርታቸዋለች፤ ውሻ በእነሱ ራሱንም ሌላውንም ያረጋጋል በማለት። ሆን ተብለው የሚላኩ መልእክቶች ናቸው ወይስ ጭንቀት የሚያወጣቸው የሚለው አሁንም አጥኚዎችን ያከራክራል። ለእኛ ጥቅሙ አንድ ነው፤ ሲታዩ መራቅ።

መሰላሉን ካወቁ በኋላ ሁለት የተለመዱ ድርጊቶች አደገኛነታቸው ግልጽ ይሆናል። አንደኛው የሚያጉረመርምን ውሻ መምታት ነው። ማጉረምረም ከንክሻ በፊት ከሚቀሩት የመጨረሻ ቃላት አንዱ ነው። በዱላ ዝም የተሰኘ ውሻ ቁጣው አልወጣለትም፤ የተማረው ሳያጉረመርም መቆየትን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ደረጃ ዘሎ ጥርሱን ያሳርፋል፤ ባለቤቱም «ምንም ሳይል ነከሰ» ይላል። ማጉረምረሙን የቀጣው እሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ነው። የውሻ ንግግር ግማሹ መራቅ ነው። ጥቁሯ ውሻ ከአጥንቱ ዞራ እንደሄደችው፣ አብዛኛው ውሻ ቦታ ካገኘ ዞሮ ይሄዳል። የታሰረ ውሻ መዞር፣ መሸሽ፣ ክብ ሠርቶ መቅረብ አይችልም። መሰላሉ መካከል ላይ ተሰብሮበታል። አጥር ባለው ግቢ ውስጥ ውሻን ፈትቶ መተው ከማሰር ይሻላል፤ እንግዳ ሲመጣ ለይቶ ማስገባት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ማጉረምረም ሁሉ ግን ቁጣ አይደለም። ሁለት ቡችላዎች በሜዳ ላይ ሲታገሉ የሚወጣው ድምፅ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ከጨዋታው በፊትና በመካከሉ አንዱ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ወገቡን ወደ ላይ ከፍ ሲያደርግ ይታያል። አሜሪካዊው ማርክ ቤኮፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት ይህ አቋም በዘፈቀደ እንደማይመጣ አሳይቷል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ጠንከር ያለ ንክሻና ራስን መወዝወዝ ከመኖሩ በፊት ወይም በኋላ ነው፤ ያደረግሁት ቀልድ ነው፣ አትቀየመኝ እንደማለት።

ውሾች እኛን የሚያነቡበት ችሎታም ከዚህ አያንስም። የአዲስ አበባን የጎዳና ውሻ ለማባረር ድንጋይ መወርወር አያስፈልግም፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ይበቃል። መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖርም ውሻው ይሸሻል። ብራያን ሄርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ውሾች በጣት ወደተጠቆመ ቦታ ሄደው ምግብ በማግኘት ከቺምፓንዚዎች እንደሚበልጡ አሳይቷል። ለሺህ ዓመታት የሰውን እጅ ሲያይ የኖረ እንስሳ እጁ የሚሰጠው ምግብ ይሁን ድንጋይ ከአካሉ ይለያል።

እኛ ግን ፊቱን ስናነብ ብዙ ጊዜ የራሳችንን ፊት እናነብበታለን። ከማጀት ዳቦ ተነሥቶ ተበልቷል። እመቤቲቱ ውሻውን ስትጠራው ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ጭራውን ወሽቆ ይቀርባል። «ጥፋቱን ያውቃል» ትላለች። በኒውዮርክ የባርናርድ ኮሌጅ መምህርት አሌክሳንድራ ሆሮዊትስ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንን ፈተነች። ባለቤቶች ውሻቸውን እንዳትበላ ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ አንዳንዴ እውነቱ ይነገራቸዋል፣ አንዳንዴ ሐሰት። የጥፋተኝነት የሚመስለው ፊት የታየው ውሻው በመብላቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ ነው። እንዲያውም ምንም ሳይበሉ ቁጣ የደረሰባቸው ውሾች ላይ በርትቶ ታይቷል። ያ ፊት መናዘዝ አይደለም። ውሻው ቁጣሽ አስፈርቶኛል፣ ተይኝ እያለ ነው።

በሕፃናት ዓይን

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የልጆች ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ መምህርት ከርስቲን ማይንትስና ባልደረቦቿ ለሕፃናት የውሾችን ፊት አሳይተው ስሜቱን እንዲናገሩ ጠይቀዋል። ብዙ ሕፃናት ጥርሱን ያገጠጠ ውሻ እየሳቀ እንደሆነ ተናገሩ። ለልጅ ጥርስ ማለት ፈገግታ ነው፤ ወደ ፈገግታም ፊቱን ያስጠጋል። ቁመቱ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ስለሆነ ንክሻው ፊቱና አንገቱ ላይ ያርፋል።

እቅፍም እንዲሁ ነው። በሰው ዘንድ ፍቅር ነው፤ ለብዙ ውሾች ግን አንገት ላይ መታሰር ነው። ልጅ ውሻን አቅፎ የተነሣውን ፎቶ የውሻውን ፊት ብቻ እየተመለከታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ፣ የዓይኑ ነጭ ጨረቃ መስሎ ታይቶ፣ አፉን ዘግቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ ታገኙታላችሁ። ልጁ ይስቃል፤ ውሻው ልቀቀኝ እያለ ነው።

ልጅ መማር ያለበት ጥቂት ነገር ነው። የሚበላን፣ የተኛን፣ የታሰረን፣ ቡችሎቿን የምታጠባን ውሻ አለመጠጋት። የማያውቀው ውሻ ሲቀርበው ሳይሮጥና ሳይጮኽ እጁን ወደ ጎኑ ሰብስቦ መቆም፣ ዓይን ለዓይን አለማፍጠጥ። ሩጫ ውሻን ያስከትላል፤ ጩኸትም ይበልጥ ያነቃዋል። ቆሞ ወደ ጎን ለሚያይ ልጅ ውሻው አሽትቶት የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ልጁ በአካሉ የተናገረው ጥቁሯ ውሻ ለቡላው የተናገረችውን ነውና።

ቋንቋው ሲበላሽ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለጤነኛ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ይህን ሥርዓት ያጣል። ቫይረሱ በምራቅ ይገባል፤ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ይደርሳል። ሰው ወዳዱ ውሻ ይሸሻል ወይም ያለ ምክንያት ያጠቃል፤ ዓይን አፋሩ ሰው ላይ ይለጠፋል። ጉሮሮው እየሰለለ ሲሄድ ድምፁ ይሻክራል፤ ጩኸቱ ለጎረቤት ሁሉ እንግዳ ይሆናል። መሰላሉን ሳይወጣ ይነክሳል። የውሻን የዘወትር ንግግር የሚያውቅ ሰው ይህ መዛባት ቀድሞ ይታየዋል፤ የውሻን ጠባይ ማጥናት ሕይወት የሚያድንበት ዋናው መንገድ ለእኔ ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ በሽታው ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ጉዳቱ በሰው ላይ ብቻ አያበቃም፤ በአብዛኛው በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 ያልዘለለው ቀይ ቀበሮ ከእረኞች ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተመትቷል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ይከላከለዋል። የአንድ አካባቢ ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚታሰበው ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። በዓሉ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፣ ሥጋ የሚቆረጥበት፣ አጥንት የሚበዛበት፣ ልጆችና ውሾች በአንድ ግቢ የሚተራመሱበት ነው። ውሻ ያላችሁ በዚያ ሰሞን ውሻችሁን አስከትቡ፤ አጥንቱን ሲበላ ልጆቹን አርቁለት፤ ሲያጉረመርም አትምቱት፣ ለምን እንዳጉረመረመ እዩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡለት፤ ከዚያ የባህል መድኃኒት ሳትፈልጉ፣ ነገ ሳትሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።